ቁጥሩ እኛጋ ይደርሳል፣ ኮከቧ ግን መንገድ ላይ ትቀራለች

ስልክ የሚሸጥ የፈለጋችሁትን የቴሌግራም ቻናል ክፈቱና የመጀመሪያውን ፖስት አንብቡት። 108 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ 16 ጂቢ ራም፣ 5000 ባትሪ፣ ዋተርፕሩፍ፣ ኤአይ ያለው፣ ፓክድ፣ ዋጋ በውስጥ። በቃ ይሄው ነው። እኔ ስልክ፣ ኢርፎን፣ ስማርት ሰዓት፣ ምን አለፋችሁ ቻርጀር ሳይቀር የምወድ ሰው ነኝ፣ ትልልቆቹ ካምፓኒዎች አዲስ ነገር ሲያወጡ ላይቩን ሳላይ አልተኛም፣ ስለዚ ይሄን የምጽፈው ቴክኖሎጂ ሰልችቶኝ ወይ ነጋዴ ጠልቼ አይደለም። ሰው ስልክ ልግዛ ነው ብሎ ሲያማክረኝ የሚነግረኝ ነገር ሁሌ ቁጥር ብቻ እየሆነ ስለመጣ ነው። ቁጥሩ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ውሸት አይደለም፣ ችግሩ ከቁጥሩ ጋር አብሮ መምጣት የነበረበት ነገር አለመምጣቱ ነው።

ምን ማለቴ ነው፣ የካምፓኒዎቹን ዌብሳይት አይታችሁ ከሆነ ከትልቁ ቁጥር ጎን ትንሽዬ ኮከብ አለች። እሷን ተከትላችሁ ገጹ ግርጌ ድረስ ከወረዳችሁ በደቃቅ ፊደል ረጅም ጽሑፍ ታገኛላችሁ፣ በላብራቶሪ የተለካ ነው፣ እንደ አጠቃቀም ይለያያል፣ በአንዳንድ ሀገር ብቻ ነው የሚሰራው፣ ዋራንቲው ይሄን አይሸፍንም ምናምን። ሰው ገዝቶ ኪሱ የሚከተው ስልክ እዛ ግርጌ ላይ የተጻፈውን ነው። እኛጋ ግን ማስታወቂያው ከካምፓኒው በቀጥታ አይመጣም፣ ዩትዩበሩ ያወራዋል፣ ቲክቶክ ላይ ተቆርጦ ይለቀቃል፣ ዱባይ ያለው አምጪ ለመርካቶው ይልከዋል፣ የመርካቶው ወይ የቦሌው ሱቅ ደሞ አሳጥሮ ይለጥፈዋል፣ እና ጽሑፉ ባጠረ ቁጥር መጀመሪያ የምትቆረጠው ኮከቧ ናት። ቁጥሩ ሳይጎድል አዲስ አበባ ይገባል፣ ቅድመ ሁኔታው የለም።

ከውሃው ልጀምር፣ ሰው ብሩን በአንድ ቀን የሚያጣው በሱ ስለሆነ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው።) አይፒ68 የሚባለው ደረጃ ሁለት ነገር ነው የሚናገረው፣ 6ቱ ስለ አቧራ 8ቱ ስለ ውሃ። አይፒ67 የተባለ ስልክ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቆያል ማለት ነው፣ አይፒ68 ከዛ በላይ ነው፣ ግን ምን ያህል በላይ እንደሆነ የሚወስነው አምራቹ ራሱ ነው። ለዛ ነው ሁለቱም አይፒ68 እየተባሉ አይፎን 12 ለ30 ደቂቃ እስከ 6 ሜትር ሲባልለት የጋላክሲ ኤስ ስልኮች ለዛው 30 ደቂቃ 1.5 ሜትር የሚባልላቸው። ፈተናው ደሞ ረጋ ባለ ንጹህ ውሃ ነው የሚደረገው፣ የባህር ጨው፣ የገንዳ ክሎሪን፣ ሳሙና፣ እንፋሎት እዛ ውስጥ የሉም። ይሄ መከላከያ ቋሚ እንዳልሆነና ስልኩ ባገለገለ ቁጥር እየደከመ እንደሚሄድም ካምፓኒዎቹ ራሳቸው ግርጌ ላይ ጽፈውታል።

አውስትራሊያ ውስጥ የሆነውን እዩ። ሳምሰንግ እነ ኤስ7ን፣ ኤስ8ን፣ ኖት 8ን ከ2016 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ሰዎች ገንዳና ባህር ውስጥ ይዘዋቸው ሲዝናኑ እያሳየ አስተዋወቀ። የሀገሪቱ የሸማቾች ተቆጣጣሪ 2019 ላይ ከሰሰው፣ ክርክሩ ከቆየ በኋላ ካምፓኒው ዘጠኝ ማስታወቂያዎች ሰው የሚያሳስቱ እንደነበሩ አመነና ጁን 2022 ላይ ፍርድ ቤቱ 14 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር አስከፈለው። ነገሩ የዞረው ቻርጅ የሚሰካበት ቀዳዳ ላይ ነው፣ ስልኩ ገንዳ ወይ ባህር ውሃ ነክቶት ሳይደርቅ ቻርጅ ከተደረገ ቀዳዳው ዝጎ ሊበላሽ ይችላል፣ ማስታወቂያው ደሞ ይሄን አልተናገረም። ጣልያንም ኖቬምበር 2020 ላይ አፕልን 10 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥታለች፣ አንደኛ ስልኩ ውሃ የሚችለው በተወሰነ የላብራቶሪ ሁኔታ ብቻ እንደሆነ በግልጽ አላላችሁም፣ ሁለተኛ ውሃ ይችላል እያላችሁ አስተዋውቃችሁ ውሃ ያበላሸውን ግን በዋራንቲ አልሸፍንም አላችሁ ብላ።

እዚ ጋ ቆም ብላችሁ አስቡት። እነዛ ሀገር ያለ ሰው ስልኩን ከካምፓኒው ሱቅ ነው የሚገዛው፣ ደቃቋ ጽሑፍም በሚያነበው ቋንቋ ከፊቱ አለች፣ እንደዛም ሆኖ ተቆጣጣሪዎቹ አልበቃም አሉ። እኛጋ ጽሑፏ ጭራሽ የለችም፣ ስልኩም ብዙ ጊዜ ያገለገለ ነው። ያገለገለ ስልክ ደሞ ስክሪኑ ወይ ባትሪው አንዴ ተቀይሮለት ከሆነ ጠርዙን ዙሪያውን የሚያሽገው ማጣበቂያ ተላቋል፣ ጠጋኙ በትክክለኛው ማጣበቂያ መልሶ ካላሸገው አይፒ68 የሚለው ነገር ካርቶኑ ላይ ብቻ ነው የቀረው። ጥምቀት ላይ ርጭቱ ስር ስልኩን ከፍ አድርጎ ላይቭ የሚገባውን፣ ሶደሬ ሄዶ ፍልውሃው ውስጥ ቪዲዮ የሚቀርጸውን ሰው ሳይ እጨነቃለሁ፣ ምክንያቱም ያ ሙቅ ውሃና እንፋሎት አንዱም ፈተና ላይ አልነበረም። ሻጩም ለማጭበርበር ብሎ አይደለም ዋተርፕሩፍ የሚለው፣ እሱም እንደዛ ነው የሰማው።

ወደ ራም ልምጣ። 16 ጂቢ ራም የሚል ስልክ በርካሽ ካያችሁ ከስሩ ወይ ቅንፍ ውስጥ 8+8 የሚል ነገር ፈልጉ። ሁለተኛዋ 8 ራም አይደለችም፣ ከስቶሬጁ ተቆርሳ ለራም ማገዣ የተሰጠች ቦታ ናት። ራም ማለት ሱቅ ውስጥ ባንኮኒው ነው፣ ስቶሬጅ ደሞ ከጀርባ ያለው መጋዘን፣ የመጋዘኑን አንድ ጥግ ባንኮኒ ነው ብላችሁ ስም ብታወጡለት ሻጩ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ወደ ጓዳ መመላለሱ አይቀርም። አፖች ከኋላ ሳይዘጉ እንዲቆዩ ትንሽ ይረዳል፣ እሱን አልክድም፣ ግን ትክክለኛ ራም ከስቶሬጅ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል፣ ስለዚ 4+4 የተባለ ስልክ 8 ጂቢ ካለው ስልክ ጋር አንድ አይደለም። ቴክኖም ኢንፊኒክስም ሳምሰንግም ሻኦሚም በየራሳቸው ስም ይሄን ያደርጋሉ። የሚያናድደኝ አደራረጉ ሳይሆን አጻጻፉ ነው፣ ድምሩ በትልቁ ተጽፎ መደመሩ በትንሹ ሲጻፍ፣ ከዛ ድምሩ ብቻ ኮፒ ተደርጎ ሲዞር።

ሌላው ማንም የማያስተዋውቀው ደሞ የስቶሬጁ ዓይነት ነው። ኢኤምኤምሲና ዩኤፍኤስ የሚባሉ አሉ፣ ዩኤፍኤስ በጣም ይፈጥናል። 128 ጂቢ ብሎ የሚጽፍ መዓት ነው፣ የየትኛው 128 እንደሆነ የሚጽፍ ጥቂት ነው፣ ስልካችሁ ከዓመት በኋላ ፎቶ ሲከፍት የሚንቀራፈፈው ግን ብዙ ጊዜ በዚ ነው።

ካሜራ ላይ ደሞ ነገሩ ሰፋ ይላል። 108 ሜጋፒክስል ያለው ስልክ ዝም ብላችሁ ስታነሱበት የሚሰጣችሁ 12 ሜጋፒክስል ፎቶ ነው፣ ዘጠኝ ዘጠኝ ፒክስሎችን (ፎቶው የሚሰራባቸውን ጥቃቅን ነጥቦች) አንድ እያደረገ ብርሃን እንዲበቃው ያደርጋል፣ ሳምሰንግ 2020 ላይ በኤስ20 አልትራ ያመጣው እንደዛ ነበር። 50 የሚለው አራት አራቱን፣ 200 የሚለው አስራ ስድስት አስራ ስድስቱን አንድ አድርጎ ሁለቱም ወደ 12.5 ይወርዳሉ። ይሄ መጥፎ አይደለም፣ እንዲያውም አሪፍ ምህንድስና ነው። ግን ፎቶውን አሪፍ የሚያደርገው የሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ስፋት፣ ሌንሱና ሶፍትዌሩ ነው እንጂ ቁጥሩ አይደለም። አፕል ከ2015ቱ አይፎን 6ኤስ እስከ 2021ዱ አይፎን 13 ድረስ ዋናውን ካሜራ 12 ላይ ነው ያቆየው፣ የጎግል ፒክስል ስልኮችም ለዓመታት 12.2 ላይ ሆነው በካሜራ ከዓለም አንደኞቹ ጋር ሲመደቡ ነበር። ርካሽ ስልክ ላይ ሶስት አራት ካሜራ ካያችሁ ደሞ ከሁለተኛው ጀምሮ ያሉትን ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ 2 ሜጋፒክስል ማክሮ (በጣም ቅርብ ያለ ነገር ማንሻ) እና ሌላ 2 ሜጋፒክስል ዴፕዝ (ርቀት መለኪያ) ነው፣ ጀርባው ሙሉ እንዲመስል የገቡ ናቸው ብዬ ነው የማምነው።

ስለ ካሜራ ማስታወቂያ ስናወራ ቁጥር ብቻም አይደለም፣ ምስሉ ራሱ ከስልኩ ያልወጣበት ጊዜ አለ። ኖኪያ ሴፕቴምበር 2012 ላይ ሉሚያ 920ን ሲያስተዋውቅ ሳይክል የምትነዳ ሴት ቪዲዮ ለቀቀ፣ ስልኩ እየተንቀሳቀሰ እንዴት ሳይንቀጠቀጥ እንደሚቀርጽ ለማሳየት። ቪዲዮው ውስጥ ግን ከኋላ ባለ መስኮት ላይ ነጸብራቁ ታየ፣ መኪና ውስጥ ትልቅ ካሜራ የያዘ ሰው። ኖኪያ ይቅርታ ጠየቀ። ስልኩ እውነትም ምስል የሚያረጋጋ አሪፍ ካሜራ ነበረው፣ ያሳዘነኝም ይሄ ነው፣ በእጃቸው ያለውን እውነት ማሳየት እየቻሉ። ሁዋዌም 2016 ላይ ፒ9ን ለማስተዋወቅ የለጠፈው ፎቶ በካኖን ካሜራ የተነሳ ሆኖ ተገኘ፣ ፋይሉ ውስጥ የካሜራው ስም ተጽፎ ነበር፣ 2018 ላይ ደሞ ግብጽ ውስጥ ለኖቫ 3 የሰራው ማስታወቂያ ላይ ሰልፊ የተባለውን የሚያነሳው ሰው ትልቅ ፕሮፌሽናል ካሜራ ይዞ ተዋናይቷ ራሷ የለጠፈችው የመድረክ ጀርባ ፎቶ ላይ ታየ።

በአይፎን የተቀረጸ የሚለው የአፕል ዘመቻ ከዚህ ይለያል፣ እሱ ውሸት የለበትም። ኦክቶበር 2023 ላይ ያቀረቡትን ሙሉ ዝግጅት በአይፎን 15 ፕሮ ማክስ ቀርጸው እንዴት እንደተሰራም አሳዩ፣ እዛ ላይ ክሬን አለ፣ ትልልቅ መብራት አለ፣ የፊልም ባለሙያዎች አሉ። እነሱ ስላሳዩ አከብራቸዋለሁ። ግን ይሄን ቪዲዮ አይቶ ሰርግ በአይፎን ልቅረጽ የሚለው ወንድሜ የገዛው ስልኩን ነው፣ መብራቱን አይደለም። ሳምሰንግ 100 እጥፍ ዙም የሚለው የጨረቃ ፎቶም ማርች 2023 ላይ ብዙ አከራክሯል፣ አንድ ሰው ሆን ብሎ ያደበዘዘውን የጨረቃ ምስል ኮምፒውተር ስክሪን ላይ አድርጎ ሲያነሳው ስልኩ ዋናው ምስል ላይ የሌለ ዝርዝር ጨመረበት፣ ካምፓኒውም ጨረቃን ለይቶ የሚያጠራ ኤአይ እንዳለው አብራራ።

ይሄን ሁሉ ስል ማስታወቂያ ሁሉ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ ትራንሽን የሚባለው የቻይና ካምፓኒ ናቸው፣ ካምፓኒው ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ ይገጣጥማል፣ ሌላው ችላ ባለን ሰዓት አማርኛ የሚጻፍበት ስልክ፣ ሁለት ሲም፣ ጥቁር ፊትን ሳያጠቁር የሚያነሳ ካሜራ ብሎ አስተዋወቀ። ይሄ ማስታወቂያ የሰራው ያለብንን ችግር ስለተናገረ ነው፣ ለእኛ የተሰራ ነበር። ጎግል የጥቁር ፊቱን ካሜራ ነገር በፒክስል 6 ላይ በስሙ ጠርቶ ያስተዋወቀው 2021 ላይ ነው። ለኔ ጥሩ ማስታወቂያ እንደዚ ነው።

አሁን ያለንበት የኤአይ ዘመን ላይ ግን ኮከቧ ከባሰች ቦታ ደርሳለች፣ ምክንያቱም ድሮ ኮከቧ ስላለው ነገር ቅድመ ሁኔታ ነበር የምትናገረው፣ አሁን ግን ስለሌለ ነገር ነው። አፕል ጁን 2024 ላይ ሲሪ (አይፎን ላይ በድምጽ የምታዝዟት ረዳት) የራሳችሁን መልዕክትና ቀጠሮ አገናዝባ ትመልሳለች ብሎ አሳየ፣ ሴፕቴምበር ላይ አይፎን 16ን በዚሁ አስተዋወቀ፣ ማርች 2025 ላይ ያቺ ሲሪ ዘግይታለች ተባለ፣ ማስታወቂያውም ከዩትዩብ ወረደ፣ አሜሪካ ውስጥ ክስ ተመሰረተ። ሳምሰንግም ጃንዋሪ 2024 ላይ ጋላክሲ ኤአይን ሲያመጣ ግርጌ ላይ እስከ 2025 መጨረሻ ነጻ ነው ትል ነበር ጽሑፏ። ስንት ሰው ነው ያቺን አንብቦ የገዛ? የስልክ ጥሪ ሲያስተረጉም ደሞ ሲጀምር 13 ቋንቋ ነበር የሚያውቀው፣ አማርኛ አልነበረበትም። የአፕሉም ኤአይ ኦክቶበር 2024 ላይ ሲለቀቅ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። ስለዚ እናቴ በአማርኛ አውርታ ስልኩ እንዲረዳት ብዬ ኤአይ ያለው ስልክ ብገዛላት ለማትጠቀምበት ነገር ነው የከፈልኩት። ጎግል ኦገስት 2017 ላይ በአማርኛ ተናግሮ ማስጻፍን ሲጨምር ግን ይሄ ነው የሚባል ማስታወቂያ አላየሁም፣ ርካሽ አንድሮይድ ላይ ሁሉ ይሰራል፣ ጽሑፍ የሚከብዳቸው ትልልቅ ሰዎች ሲጠቀሙበት አይቻለሁ፣ እኔ ብሆን በየፖስቱ አናት ላይ የምጽፈው እሱን ነበር።

ከዛ ደሞ ስልኩ ከተገዛ በኋላ የሚመጣው ማስታወቂያ አለ፣ ራሱ ስልኩ ውስጥ ያለው። ሻኦሚ ኤፕሪል 2018 ላይ ከዕቃ የማገኘው የተጣራ ትርፍ ከ5 በመቶ አይበልጥም ብሎ ቃል ገባ፣ ቀሪውን ከየት ያመጣል ካላችሁ አንዱ መልስ ሴቲንግና ፋይል ማኔጀር ውስጥ ሳይቀር ብቅ የሚለው ማስታወቂያ ነው። ማጥፋት ይቻላል፣ ግን ማጥፊያው የትጋ እንዳለ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ዋጋው ስለረከሰ ደስ ይለናል፣ ልክ ነው፣ ግን ያ ማስታወቂያ የሚወርደው በኛ ፓኬጅ ነው፣ ባትሪም ይበላል። ከዚህ የከፋም ታይቷል፣ ኦገስት 2020 ላይ ቴክኖ ደብሊው2 የሚባለው ርካሽ ስልክ ላይ ከሱቅ ሳይወጣ በፊት የተጫነ፣ ተጠቃሚው ሳያውቅ ክፍያ ያለው አገልግሎት የሚያስመዘግብ ቫይረስ እንደተገኘ ተጻፈ፣ ከተገኘባቸው ሀገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ካምፓኒው በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ ሌላ አካል ነው ያደረገው አለ። ማንም አደረገው፣ የተቆረጠው ግን ካርድ ለመሙላት ከሚቸገር ሰው ሂሳብ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ ስትሉ እኔ ሻጮቹን የምለምነው አንድ ነገር ነው፣ ከስሙ ጋር ሞዴል ነምበሩን ጻፉ። አንድ ስም ያለው ስልክ በየሀገሩ ይለያያል፣ ጋላክሲ ኤስ24 አሜሪካ ውስጥ በስናፕድራገን ፕሮሰሰር፣ ብዙ ሌላ ሀገር ደሞ በኤግዚኖስ ፕሮሰሰር ነው የተሸጠው፣ ከአሜሪካ የሚመጣ አይፎን ከ14 ጀምሮ ሲም ማስገቢያ የለውም፣ ኢሲም (ካርድ የማያስፈልገው፣ ስልኩ ውስጥ ያለ ሲም) ብቻ ነው፣ ዘመድ በፍቅር ልኮት ሲም ማስገቢያ ሲፈለግ የሚውል ቤተሰብ አለ። ሞዴል ነምበር ካለ ሰው ሁሉንም ራሱ ፈልጎ ያነባል። ህግ ደሞ አለን፣ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደሞ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል (እነዚህ ዓመቶች በኛ ናቸው)። የቴሌግራም ሱቅም ሱቅ ነው፣ እነዚህ አዋጆች እዛም ሊሰሩ ይገባል ባይ ነኝ።

ከሻጩ በላይ ግን የማየው ዩትዩበሩንና ቲክቶከሩን ነው፣ ሰው የሚያምነው እነሱን ስለሆነ። አሜሪካ ውስጥ ጎግል ፒክስል 4ን ለማስተዋወቅ የሬዲዮ አዘጋጆችን ስልኩን እየተጠቀምኩበት ነው፣ ወድጄዋለሁ አስብሎ አስነበበ፣ አዘጋጆቹ ግን ሲያነቡት ስልኩን አልተጠቀሙበትም ነበር። የሀገሪቱ ንግድ ኮሚሽንና የተለያዩ ግዛቶች ኖቬምበር 2022 ላይ ጎግልንና የሬዲዮ ጣቢያዎቹ ባለቤት የሆነውን አይኸርትሚዲያን ከሰው በስምምነት 9.4 ሚሊዮን ዶላር አስከፈሏቸው። በአማርኛ ሪቪው የሚሰሩት ልጆች ጎበዞች ናቸው፣ ብዙ ከነሱ ተምሬያለሁ፣ በራሳቸው ገንዘብ ገዝተው የሚያሳዩም አሉ፣ እና የምጠይቃቸው ከባድ ነገር አይደለም፣ ስልኩን ካምፓኒው ወይ ሱቁ ሰጥቷችሁ ከሆነ ቪዲዮው መጀመሪያ ላይ በአማርኛ በግልጽ በሉት፣ ስንት ቀን እንደተጠቀማችሁበት ንገሩን፣ ካምፓኒው ግርጌ ላይ የጻፈውንም አንዴ ጮክ ብላችሁ አንብቡልን።